«ማን ናው» ማለት «የለኝም» ማለት ነው

ፖሊሶቹ ሲመጡ ሊያራርቁን የመጡ መስሎኝ ነበር።

ከአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት በር ፊት ለፊት ቆመናል። ወረርሽኙ የገባበት ሰሞን ስለነበር ሰው ከሰው እንዲራራቅ ታዟል፤ እኛም አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ክብ ክብ ተሠርቶልን፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን በየክባችን ተሰልፈናል። አብዛኞቻችን በሶዌቶ ስፓዛ ያለን ሰዎች ነን። ስፓዛ የምንለው በየሰፈሩ ዳቦ፣ ወተትና የስልክ ካርድ የሚሸጥባትን ትንሽ ሱቅ ነው። የአገሬው ሱቆች ክፍት ሆነው የእኛ እንዲዘጉ ተነግሮን ነበር፤ ለምን እንደሆነ የሚያስረዳን ሰው ፍለጋ ነው የሄድነው። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ተዘግቶ ሮዘተንቪል ቤታችን ቁጭ ብዬ ነበር የሰነበትኩት። የያዝኩት ካርቶን ላይ «እኛም ሰፈሩን እንመግባለን» ብዬ በእንግሊዝኛ ጽፌያለሁ።

አንድ ፖሊስ ክንዴን ያዘኝ።

«ከክብሽ ወጥተሻል» አለኝ።

ወደ እግሬ ተመለከትኩ። ሁለቱም ጫማዎቼ ክቡ ውስጥ ናቸው። እሱም አብሮኝ ወደ ታች አየ። ከዚያ ወደ መኪናው ወሰደኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔና ሌሎች ጥቂቶች ለምን እንደተመረጥን ያኔም አልገባኝም፤ ዛሬም አልገባኝም።

ጣቢያው ስንደርስ ወንዶቹን ወደ ሌላ በኩል ወሰዷቸው። ስልኬን፣ እስክሪብቶዬንና የጫማዬን ክር ተቀበሉኝ። አንዲት ሴት ፖሊስ ከሩቅ ሆና ሙቀቴን በመሣሪያ ለካችና የብረት በር ከፈተችልኝ።

በመጀመሪያ የመታኝ የበረኪና ሽታ ነው። ወለሉ እርጥብ ነበር። በአንድ በኩል የሲሚንቶ መደብ፣ ላዩ ላይ ግራጫ ብርድ ልብሶች። በግማሽ ግድግዳ የተከለለ ሽንት ቤት። ከጣሪያው አጠገብ ጠባብ መስኮት። መደቡ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። መሐል ወለሉ ላይ ደግሞ አንዲት ነጭ ሴት ቆማ የሱሪዋን ኪሶች ትዳብሳለች፤ ብርድ ልብሱን ታነሳለች፤ መልሳ ኪሶቿን ትዳብሳለች።

«ማን ናው» አለች። «ማን ናው፣ ማን ናው።»

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አማርኛ ነው የሰማሁት። አነጋገሯ ትንሽ ወልገድ ይበል እንጂ ማን ነው እያለችኝ ነው። በጆሃንስበርግ እስር ቤት ውስጥ አንዲት ፈረንጅ በአማርኛ ማን ነው ብትለኝ ምን ልበላት? የመጣልኝን መለስኩ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

እሷ ደግሞ እኔን ስታይ ቆመች። ሁለታችንም አንዳችን ከሌላችን ማብራሪያ የምንጠብቅ ይመስል ተያየን። አሮጊቷ ከተቀመጡበት የፊት መሸፈኛ ከቀሚሳቸው ስር አውጥተው ዘረጉላት። ታጥቦ ደርቆ አግኝተውት አጣጥፈው አስቀምጠውላት ነበር።

«ይኸውና» አሏት በእንግሊዝኛ። «ሰው እንዳይረግጠው ብዬ ነው።»

ሴትዮዋ መሸፈኛዋን አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። እንግሊዝኛዋ የተሰባበረ ግን ግልጽ ነው። ምን እንዳልኳት ጠየቀችኝ፤ እኔም ምን እንዳለችኝ ጠየቅኳት። «የለኝም ነው ያልኩት» አለች። «መሸፈኛ የለኝም።» በቋንቋዋ «ማን» ማለት «ለእኔ» ማለት ነው፤ «ናው» ማለት ደግሞ «የለም» ማለት ነው። በሩ ላይ የቆመችው ፖሊስ ሳቀችና «በይ፣ ከጎጎና ከራሺያዋ ጋር ተቀመጪ» ብላኝ ቆለፈችው።

«ራሺያ አይደለሁም» አለች ሴትዮዋ ለተዘጋው በር። «ላትቪያ ነኝ።»

ጎጎ በዙሉ ቋንቋ አያት ማለት ነው፤ አሮጊቷን ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው። የታሰሩት ሲጋራ በፍሬ ሲሸጡ ተይዘው ነው። ያን ጊዜ ሲጋራ መሸጥ ተከልክሎ ነበር። ላትቪያዊቷ አርባ ዓመት ያለፋት ትመስላለች። በከተማዋ ሰሜን አንድ ሽማግሌ ታስታምም ነበር። ሽማግሌው በወረርሽኙ ሲሞቱ ልጆቻቸው ቀለበት ጠፋብን አሉ። በዚያ ላይ አውሮፕላን ቆሞ ስለነበር የመኖሪያ ፈቃዷ ጊዜው አልፎበታል።

«ኤምባሲሽስ?» አልኳት።

«ስሜን የመዘገበው ፖሊስ ላትቪያ ስለው ላይቤሪያ ብሎ ጻፈ። አረምኩት። ያስተካክለው አያስተካክለው አላየሁም።»

«እኔ ሊቢያ መስሎኝ ነበር» አሉ ጎጎ።

እኔም አገሩ የት እንደሆነ በውል አላውቅም ነበር። 

ቋንቋዋን እንድማር የጠየቀችኝ በማግስቱ ነው። ጠዋት ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎና ቀጭን ሻይ ሰጥተውን በልተናል። እሷ ከመደቡ ጫፍ ተነስታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ከዚያ ርቀት መጠበቅ እንዳለብን ትዝ አላት መሰለኝ ትንሽ ፈቀቅ አለች። ሽማግሌው ከሞቱ ጀምሮ ለእናቷ አልደወለችም። የጣቢያው ስልክ ለአገር ውስጥ ብቻ ነው። እናቷ ገጠር ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ያላቸው የቤት ስልክ ነው፤ ከላትቪያኛ ሌላ ቋንቋ አይሰሙም። አረጋውያን በየአገሩ እየሞቱ ነው፤ የሚያስታምሟቸውም አብረው እየሞቱ ነው። እናቷ ይህን በሬዲዮ ይሰማሉ።

«አንቺ ተማሪ ነሽ፣ ጠበቃም ይመጣልሻል። ከእኔ በፊት ትወጫለሽ» አለችኝ። «ስትወጪ ደውለሽ በሕይወት እንዳለሁ ንገሪልኝ።»

«ዓረፍተ ነገሩን ንገሪኝና በቃሌ ልያዘው።»

ራሷን ነቀነቀች። «አንድ ጊዜ አንድ ሰው ደውሎላት ልጅሽ ሰው በመኪና ገጭታለች፣ ገንዘብ ላኪ ብሏት ነበር። ልትልክ ስትል ጎረቤት አስቆማት። ከዚያ ወዲህ የማታውቂው ሰው ስለ እኔ ደውሎ እንደተጠና ነገር ከተናገረ ዝጊው ብያታለሁ። ጥያቄ ጠይቂው፣ መመለስ ካቃተው ዝጊው ብያታለሁ። ስለዚህ መጠየቅና መመለስ መቻል አለብሽ። ጥቂት ይበቃል። ግን የራስሽ መሆን አለበት።»

እሺ አልኳት። ለምን እሺ እንዳልኩ በደንብ አላውቅም። ስለ ራሴ ጉዳይ ለጠየቅኩት ሁሉ መልስ ያጣሁበት ቦታ ነበር፤ ቢያንስ ይህቺ ሴት የምትፈልገውን ታውቃለች።

ወረቀትም እስክሪብቶም የለንም። በጣቷ ዕቃ እያሳየች ጀመረች። የወንድ ስም በ«ስ» ያልቃል፤ የሴት ስም በ«አ» ወይም በ«ኤ» ያልቃል። ግድግዳው ሴት ናት። ወለሉ ሴት ናት። ብርድ ልብሱም ሴት ናት። ለሰውም እንዲሁ ነው፤ የእኔ ስም በሳድስ ስለሚያልቅ ሴትነቴ እንዲታወቅ «አ» ጨመረችበት። ስሜ የሌላ ሰው ስም ሆኖ ተሰማኝ። በር ላይ ስንደርስ ነገሩ ሁሉ ተምታታብኝ። በር ሴት ናት፣ ደግሞም ሁልጊዜ ብዙ ናት።

«በሮች ለማለት ነው?»

«አይ፣ አንድ በር። ግን ቃሉ ብዙ ነው። አንድ በር የሚባል ቃል የለም።»

ጎጎ የብረቱን በር ትኩር ብለው አዩት። «እኔ የሚታየኝ አንድ ነው» አሉ። «እሱም ተዘግቷል።»

ከዚህ በኋላ የመጣው «አለኝ» ነው። እኔ በልጅነቴ ከሆሳዕና መጥቼ እዚህ ያደግኩ ነኝ። አባትና እናቴ በሀዲይኛ ይጣላሉ፤ ከሱቅ ሰዎች ጋር በአማርኛ ይነጋገራሉ፤ እኔ ግን ሐሳብ የማወጣው የማወርደው በእንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ሃቭ» የሚለውን ግስ ስጪኝ አልኳት።

«የለም» አለች።

«ታዲያ እናት አለችኝ ስትሉ ምን ትላላችሁ?»

«ማን ኢር ማቴ። ለእኔ፣ አለ፣ እናት።»

ደጋግሜ አሰብኩት፤ ያለው ማን ነው፣ ባለቤቱስ ማን ነው እያልኩ ግራ ተጋባሁ። እሷ በሌላ መንገድ አስረዳችኝ፤ እሱም አልገባኝም። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ለራሴ በአማርኛ «እናት አለችኝ» አልኩ። ስለው ቆም አልኩ። አለች፣ ለእኔ። ዕድሜ ልኬን ሳስበው የማላውቀው የቤታችን ቋንቋ ነገሩን እንደ ላትቪያኛ ነው የሚያደርገው። አፍራሹም እንዲሁ ነው፤ እኛ «አለ» ብለን ስናፈርሰው «የለም» እንላለን እንጂ «አላለም» አንልም። እነሱም «ኢር» ሲፈርስ «ናው» ይሆናል። «ቪኛ» የሚለው ቃል ውስጥ ያለውን «ኛ» ደግሞ ሳልታገል አልኩት። ሴትዮዋ እንዴት ቻልሽ ብላ ተገረመች። «ቪኛ» እሷ ማለት ነው።

ችግሩ ግን እዚያው ውስጥ ነበር። ጆሮዬ «ናው»ን ሲሰማ «ነው» ይላል። እሷ አይደለም ስትል እኔ ነው ብላ ያረጋገጠች ይመስለኛል። በጭንቅላቴ ለየሁት ስል አፌ ይሳሳታል።

አንድ ከሰዓት ጎጎ እናትየዋን እንዲሆኑልን ጠየቅናቸው። ክር የሌለውን ጫማቸውን አውልቀው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

«ሄሎ። ልጄ የት አለች?» አሉ በእንግሊዝኛ። «አግብታለች?»

ሰርግ የለም ልል ፈልጌ «ናው ካዛስ» አልኩ። ላትቪያዊቷ በመሸፈኛዋ ውስጥ ሳቀች። ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው። «ካ»ን ረዘም ካላደረግሽው ሰርግ ሳይሆን ፍየሎች ማለት ነው አለችኝ።

«ያው ነው» አሉ ጎጎ ጫማውን ሳያወርዱ። «ፍየል ከሌለ ምን ሰርግ አለ? እሺ፣ ልጄስ ደህና ናት?»

እኔም በሳቁ መሐል፣ ግሱን እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ አድርጌ፣ «ዩሱ ሜይታ ድዚቫ ናው» አልኩ። «ናው»ን እንደ «ነው» ቆጥሬ፣ ልጅዎ በሕይወት ናት ያልኩ መስሎኛል።

ሳቁ ቆመ። ላትቪያዊቷ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች።

«አሁን ሞታለች ነው ያልሽው» አለችኝ።

ጎጎ ጫማቸውን ቀስ ብለው ወለሉ ላይ አኖሩት። የዚያን ቀን ሌላ ትምህርት አልነበረም።

መርማሪው የጠራኝ ከዚያ በኋላ ነው። ፊቱ ላይ የፕላስቲክ መከለያ አድርጓል፤ ሲናገር ትንፋሹ መከለያውን ስለሚያደበዝዘው ዓይኑ አንዳንዴ ይጠፋብኛል። ጨዋ ሰው ነበር። ሲሲ፣ እህቴ እያለ ነው ያናገረኝ።

«ክቦቹን ማን ነው የሠራቸው?» አለኝ።

የሠራቸውን ሰው አውቀዋለሁ። የአባቴ ጓደኛ ነው። ጠመኔውን ከሱቁ ያመጣውም፣ እንዳንጠጋጋ ሲቆጣን ያረፈደውም እሱ ነው።

«እንዳንቀራረብ ነው የተሠሩት» አልኩ።

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ክብ የሚሠራ ሰው ሰልፉን ያዘጋጀ ሰው ነው። ያዘጋጀው ደግሞ ረብሻ እንድታስነሱ ነግሯችኋል። ስሙን ነግረሽ ከፈረምሽ ዛሬ ቤትሽ ታድሪያለሽ። ተማሪ ነሽ፤ አስቢበት።»

«ረብሻ አስነሱ ያለን ሰው የለም።»

«አስቢበት» አለኝ እንደገና፤ መለሰኝ።

ለሁለቱ ሴቶች ነገርኳቸው። ላትቪያዊቷ ተነስታ ወደ ቧንቧው ሄደች፤ ያልቆሸሸውን መሸፈኛዋን ታጥበው ጀመር። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ነው የተናገረችው።

«ያ ሰው ዘመድሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ወጣት ነው?»

«ጎልማሳ ነው።»

«ያስሩታል እንጂ አይገድሉትም።»

ምን እየጠየቀችኝ እንደሆነ ገብቶኛል፤ እሷም እንደገባኝ አውቃለች። እኔ ዛሬ ከወጣሁ እናቷ ዛሬ ይሰማሉ። ውሸት ነው ብዬ እንዳልፈርም፣ እዚያ ገጠር ስልክ አጠገብ የተቀመጡ አሮጊት ታዩኝ። ልፈርም ስል የአባቴ ጓደኛ በጠመኔ የነጣ ጣቱ ታየኝ። የትኛው እንደሚከብድ ልለይ ስሞክር ሁለቱም ይምታቱብኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር በሩ ያን ሰዓት ተከፍቶ ወረቀቱን ቢያመጡልኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ጎጎ ናቸው የተናገሩት። ዓይናቸውን ከወለሉ ላይ ሳያነሱ ነው።

«ክብ የሠራውም ሰው እናት ይኖረው ይሆናል» አሉ።

ላትቪያዊቷ ቧንቧውን ዘጋች። 

በማግስቱ ጠዋት ፓፑን በልተን ስንጨርስ እንደ ወትሮው አጠገቤ መጣች። ፊቷ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ፊት ነበር። ትቀየመኛለች ብዬ ፈርቻለሁ።

«ዛሬ እሱ አለው፣ እሷ አላት የሚለውን እንማር» አለችኝ። «ከእኔ በኋላ በይ። ቪኛም ኢር ማቴ።»

«ቪኛም ኢር ማቴ።»

«ምን ማለት ነው?»

«እሱም እናት አለችው» አልኩ።

«ልክ ነው። አትፈርሚ።» ቀጥላም «ትናንት ያልኩትን እርሺው» አለችኝ።

መርማሪው ድጋሚ ሲጠራኝ ክቦቹን የሠራውን ሰው እንደማውቀው፣ ግን እንደማልናገር ነገርኩት። ትከሻውን ነቀነቀና ሰደደኝ። ተቆጥቶ ይሁን ሰልችቶት ከመከለያው በስተኋላ መለየት አልቻልኩም።

የቀረንን ጊዜ ተማርንበት። እሷ ያን ሰሞን ትስል ጀምራ ነበር፤ ፖሊሶቹም ሳሏን ሲሰሙ ምግቡን በር ላይ አስቀምጠው ይሸሻሉ። ሌላ ቦታ ሊወስዷት ይችላሉ ብላ ስለሰጋች ትቸኩላለች። ቦታ ሲነገር የስሙ መጨረሻ «አ» ሆኖ ይረዝማል፤ «ጺየቱምስ» እስር ቤት ነው፣ «ጺየቱማ» እስር ቤት ውስጥ ነው። ጆሃንስበርግ እንኳ አልቀረላትም፤ «ዮሃነስቡርጋ» ሆነች። የስልኩን ቁጥር በላትቪያኛ ስትነግረኝ ስለማይያዝልኝ ጎጎ የቤተ ክርስቲያናቸውን ዜማ ሰጡት፤ ሦስታችንም እያጨበጨብን ዘመርነው። በበሩ ያለፈች ፖሊስ ጸሎት መስሏት ራሷን ዝቅ አድርጋ አለፈች።

አንድ ጠዋት ስሜ ተጠራ። የሰልፈኞቹ ጠበቃ ዳኛ ፊት ሊያቀርበን፣ ዳኛውም በማስጠንቀቂያ ሊለቀን ነው። «ቶሎ፣ ቶሎ» ትላለች ፖሊሷ። ጎጎ እጃቸውን አነሱልኝ። ላትቪያዊቷ እስከ በሩ ተከተለችኝ።

«ኢር» አለችኝ። «ኢር በይ። ናው አትበይ።»

የደወልኩት በማግስቱ ከሱቃችን ዕቃ ቤት ነው። ሱቁ ያኔ ተከፍቷል፤ የከለከሉንም ያልከለከሉን ይመስል ፈቃዱን ሰጡን። የሩዝ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ በመጋረጃው በኩል ደንበኛ ያስተናግዳል። ለሰፈሩ ሁሉ ልጄን ኮሮና ይዟት ለብቻዋ ተገልላ ነበር ብሏቸዋል። ታሰረች ከማለት ያ ቀሎታል።

ቁጥሩን በሆዴ እየዘመርኩ መታሁ። ጮክ ያለ የአሮጊት ድምፅ አነሳው። ሄሎ አልኩ፤ ተዘጋ። በእንግሊዝኛ ሄሎ ማለቴ መሆኑ ገብቶኝ እንደገና ደወልኩ።

«ላብድየን» አልኩ፤ እንደምን ዋሉ ማለት ነው።

«ካስ ቱር ሩና?» ማን ነው የሚናገረው?

ስሜን ከነ«አ»ው ነገርኳቸው። አንድ ቃል ከአንደበቴ ከመውጣቱ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ መረመርኩት።

«ዩሱ ሜይታ ኢር ድዚቫ» አልኩ። ልጅዎ በሕይወት አለች።

ስልኩ አልተዘጋም። የሚተነፍስ ሰው ይሰማኛል።

«ኩር ቪኛ ኢር?» የት ናት?

«ጺየቱምስ» አልኩ፤ መጨረሻውን ሳትኩት።

«ጺየቱማ» አሉ አሮጊቷ።

አረሙኝ። ልጃቸው እስር ቤት ውስጥ መሆኗን በሰሙበት ቅጽበት ስህተቴን አረሙኝ። «ጺየቱማ» አልኩ እኔም። ሌባ እንዳልሆነች፣ እንዳልታመመች ነገርኳቸው፤ ሳሏን አላነሳሁም፤ ለሳል ቃል አልነበረኝም። በፍጥነት ብዙ ጠየቁኝ፤ ምንም አልያዝኩም። ቀስ ብለው ደገሙት፤ አሁንም አልያዝኩም። በመጨረሻ አሳጠሩልኝ።

«ኡን ዩስ?» አሉ። እና እርስዎስ?

ለዚህ የተለማመድነው መልስ ነበር። «ድራውድዜኔ»፣ ጓደኛ ነኝ። መጋረጃው ትንሽ ገለጥ ብሎ የአባቴ ጀርባ ይታየኛል።

«ኤስ አሪ ቢዩ ጺየቱማ» አልኳቸው። እኔም እስር ቤት ነበርኩ።

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለና «ሜይቲኝ» አሉኝ። ሜይታ ልጅ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ደነገጥኩ። ነገሩ ተምታቶባቸው እኔን ልጃቸው አድርገውኛል ብዬ አሰብኩ።

«አይ፣ አይ» አልኩ በላትቪያኛ። «እኔ ልጅዎ አይደለሁም።»

አሁንም «ሜይቲኝ» አሉ፤ ቀጥለውም ረጅም ነገር ተናገሩ። አንዱንም አላወቅኩትም። እስኪጨርሱ ግን ጆሮዬን አላነሳሁም።

ወደ ሱቁ ስወጣ ሁልጊዜ ዳቦ የሚገዙን እናት ከጠረጴዛው ወዲያ ቆመዋል። «ተሻለሽ ወይ? በሽታው እንዴት አደረገሽ?» አሉኝ። አባቴ ሚዛኑን ማስተካከል ያዘ።

«አልታመምኩም፣ እማማ» አልኳቸው። «ታስሬ ነው የከረምኩት።»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ሴትዮዋ ዳቦአቸውን ይዘው «እንኳን እግዚአብሔር አስፈታሽ» ብለው ወጡ። አባቴ ስለዚያ ነገር ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልተናገረም፤ ኮሮና ይዟት ነበር ማለቱንም ተወ።

ፍርድ ቤት ጥቂት ጊዜ ተመላልሼ ክሱ ቀረ ተባልኩ። ለምን እንደተከሰስኩ እንዳልተነገረኝ ሁሉ ለምን እንደቀረም አልተነገረኝም። ጎጎን የሲጋራው ክልከላ ከተነሳ በኋላ አንድ የታክሲ ተራ አጠገብ በግልጽ ሲሸጡ አገኘኋቸው። ላትቪያዊቷን ከእኔ በኋላ ሐኪም ቤት እንደወሰዷት፣ ከዚያ ወዴት እንዳደረሷት እንደማያውቁ ነገሩኝ። ብዙ ወራት አለፉ። እናትየዋ ጋ መልሼ ልደውል እያልኩ፣ ክፉ ነገር ቢነግሩኝ አልሰማውም፣ ደግ ነገር ቢነግሩኝም አልሰማውም እያልኩ ቀረሁ።

አውሮፕላን መብረር ከጀመረ በኋላ አንድ ቀን ስልኬ ጠራ። የላትቪያ ቁጥር ነው፤ የእኔን ቁጥር እዚያ ክፍል ውስጥ በቃል አስይዣት ነበር። እሷ ነበረች። ከአገር አስወጥተዋታል፤ እናቷ ቤት ናት። ስለ ቀለበቱ ጠየቅኳት፤ «ተገኘ አሉ» አለችኝ፤ ማን የት እንዳገኘው ለእሷም አልነገሯትም።

«እናቴ አንድ ነገር ጠይቂልኝ እያለችኝ ነው» አለች። «ለምንድን ነው ልጅሽ አይደለሁም ያልሻት?»

ነገርኳት። ተምታቶባቸው መስሎኝ ነው አልኳት። ሳቋን ሰማሁ፤ ከዚያ ስልኩን ራቅ አድርጋ ለእናቷ ስታስረዳ፣ እሳቸውም አንድ ነገር ሲመልሱ ሰማሁ። ሜይቲኝ በእነሱ አገር ትልቅ ሰው ለማንኛዋም ወጣት ሴት የሚላት ነው። መንገድ ላይ ላገኛትም ይላታል።

ሱቃችን የሚገባ የእኛ አገር ሽማግሌ ሁሉ ልጄ ይለኛል። ስኳር ስጪኝ ልጄ፣ በርቺ ልጄ። አንዱንም ልጅዎ አይደለሁም ብዬው አላውቅም። ያን ቀን ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ቃሉ በሌላ ቋንቋ ስለመጣ ብቻ፣ መለስኩባቸው።

ቋንቋውን አሁንም በደንብ አልችልም። እሑድ እሑድ እንደዋወላለን፤ እናትየዋ ስልኩን ቀድመው ይቀበላሉ፣ እኔ አንድ ነገር እሳሳታለሁ፣ እሳቸው ያርሙኛል። አንድ ቀን ያኔ የተናገሩትን ረጅም ነገር ምን እንደነበር ጠየቅኳቸው። አላስታውስም አሉ። «ቁርስ በልተሽ እንደሆነ ሳልጠይቅሽ አልቀርም» አሉኝ።